ከገዛ ግዛቱ የኰበለለው መስፍን፤ የሃያሺ ታዳታካ ታሪክ

በጃፓን አገር እስከ 1868 ዓመት ድረስ ዳይሚዮ የሚባሉ ከሁለት መቶ ስድሳ የሚበልጡ መሳፍንት ነበሩ። (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን ሁሉ በኤውሮጳውያን አቈጣጠር ነው።) የእነዚህም መሳፍንት ታላቅነትና ታናሽነት የሚታወቀው በወርቅ ወይም በጋሻ ብዛት ሳይሆን በሩዝ ስፍር ነበር። ኮኩ የሚባለው ስፍር አንድን ሰው ዓመት ሙሉ ይመግባል ተብሎ የሚገመት ሩዝ ነው፤ ግዛቱ ዐሥር ሺህ ኮኩ የሚያገባለት ባላባት ዳይሚዮ ይባላል፤ ከዚያ ያነሰው ግን ባለርስት ቢሆን፥ ጭፍራም ቢኖረው፥ በዚህ ስም አይጠራም። ከሁሉ የበለጠው የማዬዳ ቤት ከአንድ ሚሊዮን ኮኩ በላይ ይሰፈርለት ነበር። ከሁሉ ካነሱት መካከል ደግሞ ከኤዶ ከተማ ባሕረ ሰላጤ ማዶ፥ ካዙሳ በሚባለው አውራጃ፥ የጆዛይ ጌታ ነበረ። የእርሱ ግዛት ልክ ዐሥር ሺህ ኮኩ ነው። ግንብ አልነበረውም፤ የሚኖረው አጥር በተቀጠረለት ግቢ ውስጥ ነበር።

ነገር ግን ይህ ታናሽ ቤት ታላላቆቹ የሌላቸው አንድ ክብር ነበረው። እንደሚተረከው፥ ቶኩጋዋ የሚባሉት የጃፓን ገዢዎች ገና ስም ሳይኖራቸው በፊት አባታቸው ተሰዶ በክረምት ወደ ሃያሺ ቤት መጣ። ባለቤቱም የሚያቀርበው ምግብ ስላጣ በበረዶው ውስጥ ወጥቶ ጥንቸል አድኖ ሾርባ ሠርቶ አበላው። የተሰደደው ሰው ዘሮች ከብዙ ዘመን በኋላ የጃፓን ጌቶች በሆኑ ጊዜ ያችን ጥንቸል አልረሷትም። በየዓመቱ በዘመን መለወጫ ቀን ሾጉኑ የጥንቸል ሾርባ ይቀርብለታል፤ ከመሳፍንቱም ሁሉ አስቀድሞ የመጀመሪያውን ጽዋ የሚቀበለው የሃያሺ ቤት ጌታ ነበር። ጥንቸል በእኛ ዘንድ ከማይበሉት እንስሳት የተቈጠረች ስለ ሆነች ይህ ነገር ለአንባቢው እንግዳ ይመስለው ይሆናል። ለእነርሱ ግን ያች ጽዋ በሩዝ የማትሰፈር ሀብት ነበረች፤ ከዚህ በታች የሚነገረውም ታሪክ ያለ እርስዋ አይገባም።

ሃያሺ ታዳታካ በ1848 ዓመት ተወለደ። ከእርሱ በፊት የነበረው ጌታ አጎቱ ነበር። አጎቱ በ1867 በሞተ ጊዜ ልጁ ገና ሕፃን ስለ ነበረ ግዛቱ ለታዳታካ ተሰጠ። ዕድሜው 19 ዓመት ነበር። በሰላም ዘመን ቢሆን ኖሮ እንደ አባቶቹ እያንዳንዱን ዓመት በኤዶና በግዛቱ መካከል እየተመላለሰ፥ ጽዋውን በየዘመን መለወጫው እየተቀበለ ያረጅ ነበር። ነገር ግን ሹመቱን በተቀበለበት ዓመት የቶኩጋዋ ቤት የ260 ዓመት አገዛዝ ፈረሰ።

በዚያ ዓመት በኅዳር ወር ሾጉኑ ቶኩጋዋ ዮሺኖቡ ሥልጣኑን ለንጉሠ ነገሥቱ መለሰ። ይህን ያደረገው በአዲሱ መንግሥት ደግሞ የመጀመሪያውን ስፍራ አገኛለሁ ብሎ ነበር፤ የሳትሱማና የቾሹ ሰዎች ግን ይህን አልፈቀዱለትም። በጥር ወር 1868 በኪዮቶ አጠገብ ጦርነት ሆነ፤ የሾጉኑም ጦር ተሸነፈ። ዮሺኖቡ ከጭፍሮቹ ተለይቶ በሌሊት በመርከብ ወደ ኤዶ ሸሸ። ከዚያም ጦሩን እንደ ገና ሰብስቦ ለመዋጋት ሲችል ሰይፉን አስቀምጦ በአንድ የቡድሃ ገዳም ተዘግቶ ምሕረት ለመነ። ስለዚህ ነገር ፈሪ ያሉት አሉ፤ አገሩን ከትልቅ ደም መፋሰስ ያዳነ ብልህ ነው የሚሉትም አሉ፤ ሁለተኛው ፍርድ የተሻለ ይመስላል። ሆኖም ጌታው እጁን ሲሰጥ ሎሌው ምን ያድርግ? የኤዶ ግንብ በግንቦት ወር መጀመሪያ ያለ ተኩስ ለንጉሠ ነገሥቱ ጦር ተሰጠ። መሳፍንቱም አብዛኞቹ ወዲያው ወደ አዲሱ መንግሥት ገቡ።

ከገቡት አንዱ የታዳታካ ጎረቤት፥ የኩሩሪ ጌታ ኩሮዳ ነው። ይህ የኩሮዳ ቤት ስሙ በኢትዮጵያ የታወቀ ነው። ልጅ አርአያ አበበ በ1931 ከብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ጋር ጃፓንን ከጎበኙ በኋላ ሊያገቧት ታስባ የነበረችው፥ በ1934 ጋብቻው የቀረባት ወይዘሪት ማሳኮ ኩሮዳ የዚህ ቤት ልጅ ናት፤ አባቷ ቪኮንት ኩሮዳ የኩሩሪ ጌቶች ተወላጅ ነበሩ። ጎረቤቱ በጊዜው ስለ ገባ ቤቱም ማዕርጉም ጸናለት። ታዳታካም እንዲሁ ሊያደርግ ይችል ነበር፤ ማንም አይነቅፈውም ነበር።

የኤዶ ግንብ ከተሰጠ በኋላ ጥቂት የሾጉኑ ወታደሮች ባሕረ ሰላጤውን ተሻግረው ወደ ጆዛይ መጡ። አለቆቻቸው ሂቶሚ ካትሱታሮና ኢባ ሃቺሮ የሚባሉ ጐልማሶች ነበሩ። ኢባ በሰይፍ ጨዋታ ስመ ጥር ከሆነ ቤት የተወለደ ነው። የቶኩጋዋ ቤት እንዳይጠፋ እንድንዋጋ እርዳን ብለው ለመኑት። የጆዛይ ሽማግሌዎች ጭንቀት ምን ያህል እንደ ነበረ መገመት አያስቸግርም። ወንዶቹ ቢዘምቱ ግዛቱ ሁሉ የዐመፀኛ ግዛት ይባላል፤ አራሹም፥ መበለቲቱም፥ የሽማግሌዎቹም ልጆች ይቀጣሉ። እንግዶቹን ያለ እርዳታ ቢመልሱ ግን የጥንቸሏን ጽዋ ለሁለት መቶ ስድሳ ዓመት በከንቱ ጠጡ ማለት ነው።

ታዳታካ ያገኘው መፍትሔ በጃፓን ታሪክ ምሳሌ የሌለው ነው። በዚያ አገር ሕግ ሎሌ ከጌታው ግዛት ያለ ፈቃድ ቢወጣ ኰብላይ ይባላል፤ ትልቅ ወንጀል ነው። ታዳታካ ጌታ ሆኖ ሳለ ከገዛ ግዛቱ ኰበለለ። የሚዘምተው የጆዛይ መስፍን ሳይሆን ግዛት የሌለው አንድ ሰው ነው፤ ስለዚህ በደሉ በእርሱ ላይ ይቅር፥ በሕዝቡ ላይ ግን አይምጣ ማለቱ ነው። በግንቦት ወር መጨረሻ 1868 ስድሳ ወይም ሰባ ከሚያህሉ ሎሌዎቹ ጋር ግቢውን ትቶ ወጣ። የአገሩ ሰዎች በመንገዱ ዳር ተደፍተው እንደ ሸኙት ይነገራል። ከዚያ ቀን ወዲያ በመስፍንነት ወደዚያ ግቢ አልተመለሰም።

በመጽሐፍ ቅዱስ ዳዊት ከአቤሴሎም ፊት በሸሸ ጊዜ ጌትያዊው ኢታይ፥ ተመለስ ቢባል እንቢ ብሎ የተከተለው ታሪክ አለ። ታዳታካን ከእርሱ ጋር ማስተያየት ይቻላል፤ ግን ጌቶቹ ይለያያሉ። ዳዊት ሸሽቶ ሳለ ገና ንጉሥ ነበረ፥ ሊመለስም ያስብ ነበር። ዮሺኖቡ ግን ጦርነቱን ትቶታል፤ ስለ እርሱ የሚዋጉትንም አልጠራቸውም፥ አላመሰገናቸውም። ታዳታካ የዘመተው ጌታው ለተወው ነገር ነው። ይህን የልብ ጽናት ማድነቅ ቀላል ነው። ነገር ግን እረኛ ነበረ፤ መንጋው በስተ ኋላው ቀረ። ከግዛቱ መውጣቱ ሕዝቡን ያድናል ያለው አሳብ ቅን ቢሆንም አዲሶቹ ገዢዎች እንዲህ ያለውን ረቂቅ ክርክር የሚሰሙ አልነበሩም። ያን ጊዜ ይህን ሳያውቅ አልቀረም ብሎ መጠራጠር ይገባል፤ በዕድሜው ግን 20 ዓመት አልሞላም ነበር።

ዘመቻው አጭርና መራራ ነው። በጀልባ ባሕሩን ተሻግረው ከኤዶ ወደ ኪዮቶ የሚወስደውን ታላቅ መንገድ በሃኮኔ ተራራ ላይ ለመቍረጥ አሰቡ። የንጉሠ ነገሥቱ ጦር ሰውና ስንቅ የሚመጣለት በዚያ መንገድ ነበርና አሳቡ መጥፎ አልነበረም። በዚያው ወራት በኤዶ ውስጥ በኡዌኖ ኮረብታ ላይ የመሸጉ ሌሎች የቶኩጋዋ ሰዎች ተነሡ፤ ነገር ግን በሐምሌ 4 ቀን ከጧት እስከ ማታ ባለው ጊዜ ተሰበሩ። ከሃኮኔ በታች ያለው የኦዳዋራ መስፍን በመጀመሪያ ከለከላቸው፤ ቀጥሎ የኡዌኖ ሰዎች ድል አደረጉ የሚል ወሬ ቢሰማ ወዳጃቸው ሆነ፤ ውሸት መሆኑን ባወቀ ጊዜ ደግሞ ዞሮ ወጋቸው። በዚህ ጦርነት ኢባ ሃቺሮ ግራ እጁን አጣ። ከታዳታካም ሎሌዎች የሞቱ አሉ። የተረፉት ወደ ባሕር ወረዱ፤ በመርከብም ወደ ሰሜን ሄደው ከአዲሱ መንግሥት ጋር ከሚዋጉት የሰሜን መሳፍንት ጋር ተደባለቁ።

በሰሜንም ከተራራ ወደ ተራራ፥ ከሽንፈት ወደ ሽንፈት ሲሄዱ ክረምቱ አለፈ። በመጨረሻ ሰንዳይ በምትባለው ከተማ ሳለ ታዳታካ አንድ ወሬ አረጋገጠ። መንግሥቱ የቶኩጋዋን ቤት አላጠፋውም፤ ኢየሳቶ የሚባል ዐምስት ዓመት የሚሆነው ሕፃን ወራሽ ተደርጎ ሰባት መቶ ሺህ ኮኩ የሚያገባ ግዛት በሱምፑ ተሰጥቶታል። ጓደኞቹ ኢባና ሂቶሚ ከኤኖሞቶ መርከቦች ጋር ወደ ሰሜኑ ደሴት ወደ ኤዞ ሊሻገሩ ተነሡ። ታዳታካ ግን የዘመትሁት የጌታዬ ቤት እንዳይጠፋ ነበር፤ ቤቱ ከጸና የምዋጋበት ነገር የለኝም በማለት እጁን ሰጠ። በዚህ ቦታ ሰውየው ከሃኮኔው ይልቅ ያስደንቃል። ጦር አንሥቶ መነሣት ለወጣት ቀላል ነው፤ የተነሣበትን ነገር ሳይረሳ በጊዜው ማቆም ግን በሽማግሌም ዘንድ ብዙ አይገኝም። ኢባ በሚቀጥለው ዓመት በሃኮዳቴ ጦርነት ሞተ። ሂቶሚ ግን ተርፎ በአዲሱ መንግሥት የኢባራኪ አውራጃ ገዢ እስከ መሆን ደረሰ።

ፍርዱ ከባድ ሆነ። በዚያ ጦርነት መንግሥቱን የወጉ መሳፍንት ብዙዎች ነበሩ፤ አንዳንዶቹ ከእርሱ መቶ እጥፍ የሚበልጥ ጦር ነበራቸው። ከእነርሱ አንዳንዱ ግዛቱ ተቀነሰበት፥ አንዳንዱም ወደ ሌላ ስፍራ ተዛወረ። ግዛቱ ጨርሶ የተወረሰበት ግን ይህ ዐሥር ሺህ ኮኩ ያለው ጐልማሳ ብቻ ነው። መስፍን ራሱ ግዛቱን ጥሎ መዝመቱ ለሌሎች ክፉ ምሳሌ እንዳይሆን ፈርተው ይሆናል። ታዳታካ በቶኪዮ ታሰረ። በ1872 ሲለቀቅ ጃፓን ሌላ አገር ሆና ቆየችው።

በ1871 የመሳፍንቱ ግዛቶች ሁሉ ተሽረው አውራጃዎች ሆነዋል። መሳፍንቱ ግን በዚህ ነገር ብዙ አልተጐዱም። አስቀድሞ በ1869 ከኪዮቶ መኳንንት ጋር አንድ ላይ ተደርገው ካዞኩ የሚባል አዲስ የመኳንንት ወገን ሆነዋል፤ ከአራት መቶ የሚበልጡ ቤቶች ነበሩ። ከግዛታቸው ገቢ ከዐሥር አንድ እጅ ለራሳቸው ተሰጣቸው፤ ዕዳቸውንና የጭፍሮቻቸውን ቀለብ ግን መንግሥት ተሸከመላቸው። በ1884 ደግሞ እንደ ኤውሮጳ ሥርዓት ዐምስት ማዕርግ ተሠርቶ ፕሪንስ፥ ማርኪ፥ ኮንት፥ ቪኮንትና ባሮን ተባሉ። በ1889 የተሰጠው ሕገ መንግሥትም የመኳንንት ምክር ቤት አቆመላቸው። (የኢትዮጵያ የ1931 ሕገ መንግሥት በተዘጋጀ ጊዜ የታየው ይኸው የጃፓን ሕግ ነው።) ዮሺኖቡም ሳይቀር በሺዙኦካ ተቀምጦ ፎቶግራፍ እያነሣ፥ ቢሲክሌት እየነዳ ብዙ ዓመት ከኖረ በኋላ በ1902 ፕሪንስ ተባለ። የሂሮሺማው መስፍን አሳኖ ናጋኮቶ ማርኪ ሆነ፤ በ1882 በኢጣልያ የጃፓን መንግሥት ሚኒስትር ተብሎ ተልኮ ነበር፤ በአገሩም የአባቶቹን ጥንታዊ ዕቃ ለሕዝብ የሚያሳይ ቤት ከፈተ። አራት መቶ ሺህ ኮኩ የነበረው መስፍን በሰላም ዘመናዊ ባላባት ሆነ ማለት ነው።

ታዳታካ ከዚህ ሁሉ ውጭ ቀረ። የቤቱ አለቅነት ለአጎቱ ልጅ ለታዳሂሮ ተሰጥቶ ነበር፤ እርሱም ከመሳፍንቱ ወገን ሳይሆን ከተራ ሳሙራይ ወገን ተቈጠረ። የቀድሞው ጌታ ወደ ጥንት ግዛቱ ተመልሶ መሬት አረሰ። አራሾቹ ቀድሞ በመንገድ ዳር ተደፍተው የሸኙት ሰዎች ናቸው። እርሻው ስላልቀናው በቶኪዮ አስተዳደር ዝቅተኛ ጸሐፊ ሆነ፤ ከዚያም ለቆ ወደ ሃኮዳቴ ተሻግሮ በነጋዴ ቤት ተቀጠረ። ሃኮዳቴ ጓደኛው ኢባ የሞተባት ከተማ ናት፤ እርሱ በዚያ የሱቅ ሒሳብ ይይዝ ነበር። ቀጥሎም በኦሳካ አስተዳደር ጸሐፊ ሆነ። አለቆቹ ብዙዎቹ ከሳትሱማና ከቾሹ ወይም ከወዳጆቻቸው የተሾሙ ሰዎች በነበሩበት ዘመን፥ ጽሕፈት ቤት ገብቶ ቆሞ ትእዛዝ መቀበል ለዚህ ሰው ምን እንደ ነበረ እርሱ ብዙ አልተናገረም።

የተናገሩት የቀድሞ ሎሌዎቹ ናቸው። እነዚህ ሰዎች በእርሱ ሥራ ምክንያት ቀለባቸውን ያጡ፥ ወንድሞቻቸውም በሃኮኔ የወደቁባቸው ናቸው፤ ቢረግሙት ምክንያት ነበራቸው። ሌሎቹ የመሳፍንት ቤቶች ሁሉ ማዕርግ ሲቀበሉ የሃያሺ ቤት ብቻ መቅረቱ ለእነርሱ እንደ ራሳቸው ውርደት ሆነባቸው። ለመንግሥት አቤቱታ አቀረቡ፤ ቢመለስባቸውም ደግመው አቀረቡ። ስለ ጥንቸሏና ስለ ጽዋው፥ ስለ ቤቱም ጥንታዊነት ጻፉ። በመጨረሻ በ1893 ልመናቸው ተሰማ፤ ታዳሂሮ ባሮን ተባለ። ታዳታካም ከባሮኑ ቤተ ሰብ አንዱ ሆኖ ከመኳንንቱ መዝገብ ገባ፤ በ1894 የቤተ መንግሥት ማዕርግ ተሰጠው። ጦርነቱ ካለቀ 25 ዓመት ሆኖ ነበር። ሎሌ ለጌታው ያለውን ታማኝነት የሚያሳይ ሥራ በዚህ ታሪክ ውስጥ ቢፈለግ፥ ከዘመቻው ይልቅ ይህ የሽማግሌዎች የወረቀት ትግል ሳይበልጥ አይቀርም። ጌታቸው ምንም የሚሰጣቸው አልነበረውምና።

ከዚህ በኋላ በኒኮ ተራራ በቶሾጉ ቤተ አምልኮ አገልጋይ ሆኖ ጥቂት ጊዜ ኖረ። ቶሾጉ የመጀመሪያው የቶኩጋዋ ሾጉን የኢየያሱ መቃብርና መታሰቢያ ነው። ጃፓኖች ሙታንን ማምለካቸው ለክርስቲያን የሚያሳዝን ነገር ቢሆንም፥ በሃኮኔ ላይ ስለዚያ ቤት የተዋጋው ሰው የዚያን ቤት አባት መቃብር ደጅ ሲጠብቅ ማየት ልብን ይነካል። ከኒኮም ወርዶ ስሙ ሳይነሣ ብዙ ዓመት አለፈ። ዐፄ ሜይጂ በ1912 ሞቱ፤ ዮሺኖቡም በ1913 ሞተ። በ1931 መጨረሻ ብላቴን ጌታ ኅሩይ በቶኪዮ የምድር ባቡሩንና ፋብሪካውን ሲጐበኙ ከጥንቱ ዳይሚዮ ሁለት ሰዎች፥ የሂሮሺማው ማርኪ አሳኖና ይህ ታዳታካ፥ ገና በሕይወት ነበሩ።

አሳኖ በየካቲት 1937 ዐረፈ። ያን ጊዜ ሰዎች ቈጥረው ቢያዩ ከሁለት መቶ ስድሳው መሳፍንት የቀረው ያ ግዛቱን የተወረሰው የጆዛይ ሰው ብቻ ሆኖ ተገኘ። ጋዜጠኞች ፈልገው አገኙት። በሴት ልጁ ዘንድ የሚኖር፥ አቋሙ ቀጥ ያለ፥ አሳቡ ያልተናወጠ ሽማግሌ ነበር። በሰይፍና በጠመንጃ መካከል ስላለፈበት ዘመን ጠየቁት፤ እርሱም እንደ ትናንት ሥራ አድርጎ ነገራቸው። በዚያው ዓመት የጃፓን ጦር ቻይናን ስለ ወረረ የጥንት ጀግኖችን ስም ማንሣት ፋሽን ሆኖ ነበር፤ እርሱ ግን ከ1868 የቀረ እንጂ የዚያ ዘመን ሰው አልነበረም። የመኳንንቱ ማዕርግ ሁሉ በ1947 በአዲሱ ሕገ መንግሥት ሲሻር ለማየትም አልቈየም።

በ1941 በጥር ወር ታመመ። በጃፓን ልማድ ሳሙራይ ሲሞት የስንብት ግጥም ተናግሮ ይሞታል፤ ግጥሙም ለቤተ ሰቡ ውርስ ይሆናል። በአልጋው አጠገብ የነበሩት የመጨረሻው ዳይሚዮ ምን ይል ይሆን ብለው ጠየቁት። እርሱም ያን ግጥም በሜይጂ የመጀመሪያ ዓመት ተናግሬዋለሁ፤ አሁን የለኝም አላቸው። የሜይጂ የመጀመሪያ ዓመት 1868 ነው። በጥር 22 ቀን በ92 ዓመቱ በቶኪዮ ሞተ።